የሽቦ ቁጥር ነገር

(ለተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሽቦ እንድናገር ስጠየቅ የምለው ነገር ያለኝ አልመሰለኝም ነበር። ነገር ግን በአንድ የጌም ኮንሶል ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳትኩ ሰው ነኝ። ሁለቱም ስሕተቶች ከሽቦ አመራረጥ የመጡ ስለሆኑ ኃጢአቴን ልናዘዝላችሁ ቆሜአለሁ።

ኮንሶሉ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን አገር ለገበያ የወጣው ኒንቴንዶ 64 የሚባለው ነው። ወደ ቤታችን የገባው ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞት ነው። አዳፕተሩ ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑን ማንም ልብ ሳይል በአገራችን 220 ቮልት ላይ ተሰካና ወዲያው ጨሰ። ኮንሶሉ ግን ተረፈ። በአዳፕተሩ ጀርባ 3.3 ቮልት በ2.7 አምፔር፣ 12 ቮልት ደግሞ በ0.8 አምፔር እንደሚሰጥ ተጽፎአል። ሁለቱንም ቮልት ከአሮጌ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ማግኘት ይቻላል፤ ብርቱካንማው ሽቦ 3.3፣ ቢጫው 12፣ ጥቁሩ መመለሻ ነው። (ሣጥኑን ራሱን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያደረ ኤሌክትሪክ ሰው ይመታል።) እንግዲህ የቀረው ከዚያ ወደዚህ በሽቦ ማድረስ ብቻ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ወደ ሱቅ ሄጄ «0.25 ሽቦ ስጠኝ» አልኩ። በልቤ ያሰብኩት የመዳቡ ስፋት 0.25 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን ነበር። ባለሱቁ ግን ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነውን መዝኖ ሰጠኝ። በእርሱ አልፈርድም፤ ሁለታችንም 0.25 ብለናል። ይሁን እንጂ የእርሱ ሽቦ የመዳብ ስፋት 0.05 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም እኔ ከፈለግሁት አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር።

ሲበየድ ያማረ ሆነ። መብራቱ በራ፤ ጌሙም ይጀምርና ጥቂት ሄዶ ምስሉ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ታናናሾቼ አኩርፈው ከክፍሉ ወጡ። እኔም ኮንሶሉ ከአዳፕተሩ ጋር አብሮ ተቃጥሎአል ብዬ ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። ሊሸጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ጌሙ እየሄደ ሳለ በመለኪያ ማየት ትዝ ያለኝ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል 3.3 ቮልት አለ፤ በኮንሶሉ በኩል ግን 3 እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የበላው ሽቦው ነው።

ሽቦ ሁሉ ለኤሌክትሪክ ተቃውሞ አለው። (ተቃውሞ ስል የማኅበራችንን ማለቴ አይደለም።) የእኔ ሽቦ ለአንድ ሜትር 0.34 ኦም ያህል ነው። መሄጃው 40 ሳንቲ ሜትር፣ መመለሻው 40፣ በድምሩ 80 ሳንቲ ሜትር ነውና 0.27 ኦም ይሆናል። ኮንሶሉ 2.7 አምፔሩን ሙሉ የጠየቀ እንደሆነ 0.73 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ከ3.3 ላይ ግን ከአምስት አንድ እጅ በላይ ነው። መመለሻውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ደግሜ እናገራለሁ፤ ርዝመቱ ሁልጊዜ እጥፍ ነው።

በአሜሪካኖች መለኪያ ያ ሽቦ 30 ቁጥር ይባላል። ቁጥሩ ሲበዛ ሽቦው መቅጠኑ ብዙዎችን ያሳስታል። ምክንያቱ ጥንት ሽቦ ሲሠራ እያደር በሚጠብቡ ቀዳዳዎች እየተሳበ ስለ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ያለፈው ይበልጥ ስለሚቀጥን ነው። ሦስት ቁጥር ስትወርዱ መዳቡ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ዐሥር ቁጥር ስትወርዱ ተቃውሞው ወደ አንድ ዐሥረኛ ይቀንሳል። ስለዚህ በ20 ቁጥር፣ ማለትም 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሚሆነው፣ ያው መንገድ የሚበላው 0.07 ቮልት ብቻ ነው። ይህንኑ ቀይሬ ኮንሶሉ በዚያው ማታ ዳነ።

ሁለተኛው ስሕተት የመጣው ከዚህ ደስታ ነው። ወፍራም ሽቦ ደግ ነው ብዬ አመንኩ። የእኔ ዓይነት ቀደም ያሉ ኮንሶሎች የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ምስል ሲግናል ከአንዱ ቺፕ እግር ላይ ማውጣት ስለሚፈቅዱ፣ ለዚሁ ከግድግዳ የተረፈ የቤት መብራት ሽቦ በየድኩ። ከዚያም ክዳኑ እንዲዘጋ ሽቦውን ጠምዘዝ አደረግሁት። እርሱ አልታጠፈም፤ የቺፑን እግርና ከሥሩ ያለውን መዳብ ይዞ ተነሣ። በቦርድ ላይ ያለው መዳብ ብዙውን ጊዜ 35 ማይክሮን፣ ማለትም ከፀጉር የሳሳ ነው። ግትር ሽቦ በእርሱ ላይ እንደ መፈንቀያ ይሠራል። ያንን መስመር ለማስተካከል ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

በዚህ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ያው የናቅሁት 30 ቁጥር ነበር። የምስል ሲግናል የሚወስደው ዐሥር ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ በዐሥር ሳንቲ ሜትር ቀጭን ሽቦ ላይ የሚጠፋው ከአንድ ሺኛ ቮልት በታች ነው። ስለዚህ በአንድ ኮንሶል ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ሽቦ ያስፈልጋል። ለኃይሉ በአምፔሩና በርዝመቱ አስሉ፤ ለሲግናሉ ግን የምትበይዱበትን ነጥብ ጥንካሬ አይታችሁ ምረጡ። የሚንቀሳቀስ ክዳን ባለበት ሁሉ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ይሁን፤ ባለ አንዱ ክር ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል።

ለመግዛት ገንዘብ የሌለው (እዚህ ያለነው ሁላችንም ማለት ነው) ከአሮጌ ዕቃ ያውጣ። የኔትዎርክ ኬብል ብዙውን ጊዜ 24 ቁጥር ነው። የድሮ ሃርድ ዲስክ ጠፍጣፋ ኬብል 80 ሽቦ ያለው ከሆነ 30 ቁጥር፣ 40 ሽቦ ያለው ከሆነ 28 ቁጥር ይሆናል። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ሽቦዎች ደግሞ ባታሳጥሩአቸው ለኃይሉ ከማናቸውም ይሻላሉ።

ኮንሶሉን ይዤ መጥቻለሁ፤ መለኪያውም ጠረጴዛው ላይ ነው። የተጠራጠረ ጌሙ እየሄደ ቮልቱን በሁለቱም ጫፍ ይለካ። ለመጫወት ግን ለሊቀ መንበሩ ቀድሜ ቃል ስለ ገባሁ ተራችሁን ጠብቁ።