ጃዝ በፈረንሳይና በአገራችን
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ጃዝ የሚባለውን ሙዚቃ ብዙ ሰው የመጠጥ ቤት ጫጫታ አድርጎ ይገምተዋል። እኔ ግን የባዕድ ጥበብ የተማረ ሰው የግድ የራሱን ይጥላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጃዝን ምስክር አድርጌ ላቀርበው እወዳለሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ጃዝን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ወደ ፈረንሳይ አገር በሰፊው የገባው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወታደሮቻቸው ጋር ነበር። በ1918 የጄምስ ሪስ ዩሮፕ የሙዚቃ ጓድ ብሬስት ወደብ ላይ ወርዶ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር በራሱ ምት ቢጫወተው፣ ባለአገሮቹ የገዛ መዝሙራቸውን ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው ይባላል።

ቆይቶም ማኑሽ ከሚባሉት ተጓዥ ሕዝቦች የተወለደው ጊታር ተጫዋች ጃንጎ ራይንሃርት የሉዊ አርምስትሮንግን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ተማረከ። ይህ ሰው በ1928 በደረሰበት ቃጠሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት ነበር። ቢሆንም በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የአምስት ሰዎች ጓድ አቋቋመ። በጓዱ ውስጥ መለከትም ከበሮም አልነበረም፤ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊንና አንድ ባስ ብቻ። አሜሪካኖቹ በነሐስ ያመጡትን እርሱ በክር መለሰላቸው።

የአገራችንም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የነሐስ ሙዚቃን በአዲስ አበባ አሰሙ። በ1943 ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ላይ ተወለዱ። ጅማ የቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረችና፣ የእኛም ሰው ናቸው ብንል የሚቀየመን ያለ አይመስለኝም። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር፤ ነገር ግን ሙዚቃ አሸነፋቸውና በሎንዶን፣ ቀጥሎም በቦስተን በበርክሊ ትምህርት ቤት ተማሩ። ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሲያዘጋጁ ያስቸገራቸው፣ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፆች በፈረንጁ አሥራ ሁለት ድምፅ እንዳይዋጡ መጠበቁ ነበር። የደራሼ ሕዝብ በቀርከሃ ዋሽንት የሚጫወተው ቅኝት በዘመናዊ ጃዝ ውስጥ ከሚገኘው ጋር እንደሚቀራረብም ደጋግመው ተናግረዋል። ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አብረውት ነበሩ። በ1998ም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበሙ አራተኛ ክፍል ሥራቸውን ለዓለም አሰማ። ይህም ማለት ጃዝን ከአሜሪካ የተቀበለችው ፈረንሳይ የእኛን ጃዝ ደግሞ በተራዋ ሰማች ማለት ነው።

እኛስ? ጊታር ወይም ኪቦርድ የተገኘ እንደሆነ እንሻማለን፤ በካፊኖኖ የሚዘፈነውን የሠርግና የለቅሶ ዜማ ግን ከቦንጋ እስከ ደካ የሽማግሌዎች ብቻ አድርገን ትተነዋል። እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ከየሰፈራችሁ አንድ አንድ ዜማ አዋቂ ይዛችሁልን ብትመጡ፣ እኛ የስምንተኛ ክፍልን ወንበር አሰናድተን፣ በስልካችን ቀድተን፣ ቃሉንም በደብተር ጽፈን እናስቀምጣለን። ጊታሩንም ከጎናቸው ቁጭ ብለን የምንሞክረው ያን ጊዜ ነው።