ስለ ሥራ ጓደኞቻችን
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ስለ አካል ጉዳተኛ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው ምጽዋት ነው። እኛ ዛሬ ስለ ደመወዝ እንናገራለን።

ከዚሁ ሳንርቅ፣ በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት ኖሯል። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ነርቩ የተጎዳ እንደ ሆነ እጁ ግለትን አያውቅም። በምግብ ቤት ቢቀጠር፣ ትኩስ ድስት ይዞ ሳይሰማው ይቃጠላል። ታዲያ ይህን ሰው ማሰናበት ይሻላልን፣ ወይስ ወፍራም ጓንትና የእንጨት እጀታ መስጠት? ዋጋውን እናንተው አስሉት።

ነገሩ ለቸርነት ብቻ የተተወ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብለት ያዛል። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና ለታመመ ሠራተኛም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ግን ያለ ክፍያ ናቸው። ልጆች ላሉት ሰው እነዚህ ሦስት ወራት እንዴት እንደሚከብዱ ሳንናገር አናልፍም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከመካከላችሁ ባለ ሱቅና ባለ ወፍጮ አለ። ከእኛ ጋር የተማረ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ጓደኛችን ሥራ ፈልጎ ቢመጣባችሁ፣ አስቀድማችሁ ሥራውን አሳዩት፤ የሚቸግረው የትኛው እንደ ሆነ እርሱ ራሱ ይንገራችሁ።