ለነባር ቸርኬ ምትክ ጎማ ስለ መምረጥ



ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን አውራ ጎዳና የተከተለ ሰው፣ በግራና በቀኝ አሮጌ ጎማ ደርድረው፣ ኮምፕሬሰራቸውን በር ላይ አቁመው ደንበኛ የሚጠብቁትን ጎሚስታዎች ሳያይ አያልፍም። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በዚያ ከተተከለው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ዛሬ ግን ሰፈሩ በብዙ ነጂ ዘንድ የሚታሰበው በጋራዡና በመለዋወጫ መደብሩ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው፣ ኋላም ማታዶር አዲስ ጎማ፣ ቀጥሎ ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው የአዲስ ጎማ ፋብሪካ የቆመው በዚሁ በደቡቡ የከተማ ክፍል ነው። ስለዚህ ስለ ጎማ ልክ የሚደረግ ንግግር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በእነዚህ ደጆች ላይ በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይኼ ጎማ እዚህ ቸርኬ ላይ ይገባል?» የጎሚስታውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ይገባል» ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ጎማ ተለጣጭ ነገር በመሆኑ፣ የውስጥ ዲያሜትሩ ከቸርኬው ጋር እስከ ተስማማ ድረስ፣ በብረትና በአየር ግፊት ተገዶ ስፋቱ በማይመጥነው ቸርኬ ላይ እንኳ መግባቱ አይቀርም። መኪናው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ምን ያህል መንገድ ይሸፍናል? ስንት ኪሎ ይሸከማል? ጎኑስ በዚህ ቸርኬ ስፋት ላይ እንደ ተሠራበት ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ የመሐንዲስ ሥራ ሳለ፣ በተግባር ፍርዱን የሚሰጠው የመፍቻ ቁልፍ የያዘው ወጣት ረዳት ነው። ወጣቱ በዚህ አይወቀስም፤ ሠንጠረዡ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ በግድግዳው ላይ ካልተለጠፈለት ከየት ያመጣዋል?

ከሁሉ አስቀድሞ በጎማው ጎን ላይ የታተመው አኃዝ ምን እንደሚል ይታይ። በአዲስ አበባ መንገዶች እጅግ ከበዙት መኪናዎች አንዷ ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ የሚጫማው ነባር ጎማ 165/70 አር 14 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። አር የሚለው ፊደል ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጉበት የራዲያል አሠራር መሆኑን ሲናገር፣ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው 81 ዋጋም ፍጥነትም አይደለም፤ የጭነት መለያ ቁጥር ሲሆን ትርጉሙ አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ሒሳቡ ለማንም ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የጎኑ ቁመት 115.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላይና ከታች ሲደመር 231 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 14 ኢንች፣ ማለትም 355.6 ሚሊ ሜትር ሲታከል የጎማው ሙሉ ዲያሜትር 586.6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ይህ ልክ ከመደብር የታጣ እንደ ሆነ የቅርብ ዘመዱ 175/65 አር 14 ነው። ዲያሜትሩ 583.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ የጭነት ቁጥሩ 82፣ ማለትም 475 ኪሎ ግራም ነው፤ ባለ 5 ኢንች ስፋት ቸርኬም ይቀበለዋል። ሦስቱም ጥያቄዎች ተመለሱ።

ይሁንና ብዙ የቪትዝ ባለቤት የሚሻው ይህን አይደለም። በጀሞና በለቡ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የድንጋይ ንጣፉና የፍጥነት መግቻው ጉብታ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀ ስላስቸገረው፣ ከፍ የሚያደርግለትን ጎማ ይጠይቃል፤ በዚህም ጊዜ 185/70 አር 14 ይቀርብለታል። የዚህ ጎማ ዲያሜትር 614.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከነባሩ በ28 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን የመኪናዋ አካል የሚነሣው በዲያሜትሩ ሳይሆን በግማሹ ነውና፣ የተገኘው ከፍታ 14 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ለዚህች ጣት የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ቀላል አይደለም። በየማርሹ ጎማውን የሚገፋው ኃይል ከ4 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ አየሩ በመሳሳቱ የኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል አስቀድሞ ያጣ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ፍሬኑም ለዚያው ለእግር ጫና የሚሰጠው የመያዝ ኃይል በዚሁ መጠን ይጎድላል። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናዋ በነባሩ ጎማ ከምትሄደው 4 ኪሎ ሜትር ያህል አብልጣ ትሄዳለች። መሪው እስከ ጫፍ ሲጠመዘዝ የጎማው ትከሻ የፓራፋንጎውን ውስጥ መፋቅ ሊጀምር ይችላል። በሙያው የተለመደው ወሰን ከነባሩ ዲያሜትር ከ3 በመቶ አለመራቅ ሲሆን፣ ይህ ግን 5 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የመኪናዋ ሆድ መሬት የሚነካ ከሆነ አስቀድሞ መታየት ያለበት የላላው ሞላዋ ነበር።

እንግዲህ ዲያሜትሩ ከተስማማ ይበቃል ወይ ቢባል፣ አይበቃም። ለዚህ ከአሮጌው ቮልስዋገን የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። በየሰፈሩ አሁንም በፍቅር ተይዛ የምትታየው ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የተጫማችው 5.60-15 የተባለውን፣ ክሮቹ የተጠላለፉበትን ዲያጎናል ጎማ ነበር፤ ቸርኬዋም 4 ኢንች ብቻ ስፋት ያለው ነው። በኋላ ራዲያል ሲለመድ 155 አር 15 እና 165 አር 15 ተተኩባት። የዛሬው ባለቤት መደብር ሄዶ ባለ 15 ኢንች ጎማ ሲጠይቅ ግን የሚቀርብለት ብዙ ዘመናዊ መኪና የሚጫማው 195/65 አር 15 ነው። ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሊታለል ይችላል። የዚህ ጎማ ዲያሜትር 634.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ155 አር 15 ደግሞ፣ መቶኛው ባልተጻፈበት ጎማ እንደ ተለመደው ጎኑ የስፋቱ 82 በመቶ ነው ተብሎ ሲሰላ፣ 635 ገደማ ይመጣል። እንደ መንታ ተመሳሰሉ። ቸርኬው ግን እንቢ ይላል። 195/65 አር 15 የተፈቀደለት የቸርኬ ስፋት ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ነው። በ4 ኢንች ላይ ሲታሰር ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተቆንጥጠው የመርገጫው መካከል እንደ ዳቦ ያብጣል፤ መንገዱን የሚነካው ገጽ ይጠባል፤ ጥርሱ ከመሐል ያልቃል። ነጂው በቀለበት መንገድ ላይ ሲታጠፍ መኪናዋ በጎማዋ ላይ ስትንሳፈፍ ይሰማዋል፤ ጥምዘዛው ሲበረታም የጎማው ጠርዝ ከመቀመጫው ሊነቀል ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ ይህን ጠባብ ቸርኬ የሚቀበለውን 165 አር 15 በትዕዛዝም ቢሆን ማስመጣት ነው። ጠርዝ ያዥ ጉብታ የሌለው የጥንት ቸርኬ ከሆነም ለራዲያል የሚስማማ የውስጥ ጎማ ይግባበት። ዲያጎናልና ራዲያል በአንድ አክስል ላይ ማጣመር ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሚኒባሱ ጉዳይ ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ቶዮታ ሃያስ በብዛት የሚጫማው 195 አር 15 ሲ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» ለንግድና ለጭነት ተሽከርካሪ የተሠራ መሆኑን ታመለክታለች። በጎኑ ላይ የሚነበበው 106/104 አንዱ ጎማ ለብቻው ሲታሰር 950፣ ጥንድ ሆኖ ሲታሰር ደግሞ እያንዳንዱ 900 ኪሎ ግራም እንዲሸከም የተፈቀደለት መሆኑን ይገልጣል። አሁን ለባለንብረቱ በዋጋ የሚረክስ 215/75 አር 15 ቢቀርብለትስ? ዲያሜትሩ 703.5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከነባሩ ጋር የሚለያየው በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ለዓይን እንዲያውም የበለጠ ጠንካራ ይመስላል። የጭነት ቁጥሩ ግን 100 ነው፤ 800 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በአንድ ጎማ 150፣ በኋላው አክስል 300 ኪሎ ግራም ጎደለ፤ ይህም አራት ወይም አምስት ሰው ይመዝናል። ሚኒባሱ በሥራ መውጫ ሰዓት ከነትርፉ ሞልቶ ሲነሣ የጎደለው በትክክል ያ ነው።

የሚያሳዝነው ጎማው ወዲያው አለመፈንዳቱ ነው። በሳሪስና በመካኒሳ መካከል በዝግታ ሲመላለስ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎን ግን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከክሩ እያላቀቀ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ሚኒባሱ በኮንትራት ተይዞ፣ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ተጓዦቹን ይዞ በፍጥነት ሲወርድ መርገጫው ይገነጠላል። አደጋውን የሚመረምረው ሰው የሚያገኘው የተበጣጠሰ ጎማ ነው፤ ከወራት በፊት በመደብሩ በር ላይ የተሠራው ሒሳብ በዚያ አይታይም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ይነገር። በጎማው ላይ የተጻፈው የጭነት አቅም የሚጸናው የታዘዘው የአየር ግፊት ሲኖር ብቻ ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ የደረሰ ጎማ ከፍታው በመለወጡ ብቻ 3.5 ፓውንድ ያህል ጎድሎ ይታያል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ይህንኑ ያህል ሊመልስለት ይችላል። ነጂው እዚያ ሲደርስ በጋለ ጎማ ላይ አየር ከመቀነስም ከመጨመርም ተቆጥቦ ማለዳ ሲበርድ ቢለካ ይሻለዋል።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ከጥርሱ በፊት ዕድሜውን ይመልከት። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት በኋላ በሚገኘው መሥመር መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 3214 ቢል ጎማው የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓመት በ32ኛው ሳምንት ነው። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዲወልቅ ይመክራሉ፤ በመደብር በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረውም ከዚያ አስቀድሞ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ጎማ ምናለሽ ተራ ወርዶ በረባሶ ቢሆን ለእግረኛ ገና ብዙ ያገለግላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል፤ ከእነሱም ጋር አዲስ ስሕተት መጥቷል። ባለ 19 ኢንች ቸርኬው ቮልስዋገን አይዲ 4 ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ይጫማል። ዲያሜትራቸው በ4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይለያይም፤ ነገር ግን የኋላው ቸርኬ ከፊተኛው ሰፊ ነው። አራቱን አንድ ዓይነት መግዛት፣ ወይም እንደ ልማድ የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወር እዚህ አይሠራም። ባትሪው ከባድ ስለሆነም የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ልክ ዝቅ ማለት የለበትም።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። የነባሩ ጎማ ልክና የአየር ግፊቱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ይገኛል፤ ከጃፓን በመጣ መኪና ላይ ጽሑፉ በጃፓንኛ ቢሆንም አኃዙ ለሁሉም ይነበባል። ግፊቱ በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 100ው 14.5 ፓውንድ ነው። የቸርኬው ስፋት ግን በሰሌዳው ላይ ላይኖር ይችላል፤ በራሱ በቸርኬው ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በአየር መንፊያው ቀዳዳ አጠገብ ወይም በጀርባው ተቀርጾ ይገኛል። አሮጌው ጎማ ወልቆ ቸርኬው ባዶውን ሳለ፣ አዲሱም ከመገዛቱ በፊት፣ ዝገቱና ጭቃው በሽቦ ቡርሽ ቢጠረግ «5 ጄ × 14» ወይም ይህን የመሰለ አኃዝ ይገለጣል።