ሁለት ጊዜ የተቃጠለው ፊልም

ዛሬ የምንነግራችሁ ጠፋ ተብሎ ስለተለቀሰለት አንድ ድንቅ ፊልም ነው።

ዴንማርካዊው ዳይሬክተር ካርል ድሬየር ስለ ፈረንሳዊቷ ጀግና ስለ ዣን ዳርክ የፍርድ ሂደት የሚተርክ ድምፅ አልባ ፊልም ፈረንሳይ አገር ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ለእይታ አበቃ። ተዋንያኑን ሜካፕ ከልክሎ ካሜራውን ፊታቸው ላይ አስጠጋው። ዣን ዳርክን ሆና የተጫወተችውን የፋልኮኔቲን ዓይኖች አንዴ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

በዚያው ዓመት ዋናው ኔጋቲቭ በርሊን ውስጥ በእሳት ወደመ። ድሬየር ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ከተረፉት ቀረጻዎች መርጦ ፊልሙን እንደገና አቀናበረው። እሱም ተቃጠለ! ለምን መሰላችሁ? የዘመኑ ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል፣ በቀላሉ ከሚነድ ቁስ ነበር። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውኃ እንኳን አያጠፋውም። የብዙ ድምፅ አልባ ፊልሞች ዕጣም ይኸው ነው፤ ሌሎቹን ደግሞ ገበያ የላቸውም ብለው ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ጣሏቸው። ይህ ያስቆጫል።

ተመልካቹ ለሃምሳ ዓመታት ያህል የተቆራረጡና የተገጣጠሙ ቅጂዎችን ሲያይ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ግን ኖርዌይ፣ ኦስሎ አካባቢ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ የፊልም ቆርቆሮዎች ተገኙ። ወደ ኖርዌይ የፊልም ተቋም ተልከው ሲመረመሩ፣ ውስጣቸው ያለው ድሬየር መጀመሪያ ያዘጋጀው ፊልም ሆኖ ተገኘ፤ በትዕይንቶቹ መካከል የሚነበበው ጽሑፍም በዴንማርክ ቋንቋ ነው።

ድሬየር ይህን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1968 አርፏል። ፊልሙ ግን ታድሶ፣ ዛሬ በኦርኬስትራ ታጅቦ ሳይቀር በየአገሩ ይታያል።