ከመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ስለ ማወቅ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ጧት ወደ መሥሪያ ቤት ስንሄድ፤ ማታም ወደ ቤታችን ስንመለስ፤ በመንገድ ዳር የቆሙትን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ሳናልፍ የምንውልበት ቀን የለም። ነገር ግን በላያቸው የተሰቀለው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ ያጥረናል። አንዱ «የመብራት ዕቃ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ጥቁሩን ሣጥን አይቶ «ይህ የሰው ወሬ የሚሰማ መሣሪያ ይሆን?» እያለ ይጠረጥራል። አለማወቅ ሁለት ልጆች አሉት፤ አንደኛው ከንቱ ፍርሀት፤ ሁለተኛውም ከንቱ ድፍረት ነው። ፍርሀቱ እንቅልፍ ቢነሳ ነው፤ ድፍረቱ ግን ሕይወት ያጠፋል።

ምሰሶ የሚነበበው እንደ መጽሐፍ ገጽ ከላይ ወደ ታች ነው። ሥርዓቱም የኤሌክትሪኩ ግፊት በበረታ መጠን ሽቦው ከፍ ብሎ መሰቀሉ ነው። ከጫፉ ላይ በአግድም ብረት የተዘረጉት ሦስት ሽቦዎች በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። በቤታችን የምንገለገልበት 220 ቮልት ስለ ሆነ፤ ከሁለቱ ዝቅተኛው እንኳ ከቤታችን ግፊት 68 እጥፍ ይበልጣል።

ሽቦዎቹ ያረፉበትን ሸክላ ሠራተኞቹ ስኒ ይሉታል። ክንፍ በክንፍ ተደራርቦ መሠራቱ ለጌጥ አይደለም። ዝናም ሲዘንም ላዩ ቢረጥብም ከክንፎቹ ሥር ያለው ደረቅ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩም በእርጥበቱ ተንሸራቶ ወደ ምሰሶው የሚወርድበት መንገድ ይረዝምበታል።

ሽቦዎቹ ራሳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልባስ የላቸውም፤ የሚጋርዳቸው አየር ብቻ ነው። «ታዲያ ወፍ ተቀምጣበት ስለ ምን አትሞትም?» የሚል ይኖራል። ወፊቱ የምትድነው ሁለቱን እግሮቿን በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ ስላሳረፈችና ምድርን ስላልነካች ነው። የሰው እግር ግን ከምድር ነው።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ዘንበል ያሉ ሦስት ቱቦዎች ይታያሉ። እነዚህ ድሮፕ አውት ፊውዝ ይባላሉ። በውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይቀልጣል፤ ያን ጊዜ ቱቦው ከላይኛው መያዣ ተላቆ ወደ ታች ይንጠለጠላል። እንግዲህ የተንጠለጠለው ቱቦ የተሰበረ ዕቃ ሳይሆን፤ ችግሩ በየትኛው መሥመር እንደ ሆነ ለሠራተኛው የሚናገር ምልክት ነው። ሠራተኛው መርምሮ፤ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ልዩ ዘንግ ይመልሰዋል። ሰፈሩ ጨለመብን ብሎ በባሕር ዛፍ እንጨት ሊመልሰው የሚነሣ ሰው ግን በነፍሱ ይቀልዳል።

ከቱቦዎቹ አጠገብ የቆሙት አጫጭር ባለ ክንፍ ዘንጎች የመብረቅ መከላከያዎች ናቸው። በደኅናው ቀን ኤሌክትሪክ አያሳልፉም ማለት ይቻላል፤ መብረቅ ሽቦውን የመታው እንደ ሆነ ግን በቅጽበት በሩን ከፍተው ኀይሉን ወደ ምድር ይለቁታል፤ መልሰውም ይዘጋሉ። የሚለቁትም በምሰሶው ጎን ወርዶ መሬት በሚገባው ሽቦ ነው። ያን ሽቦ ለጥቂት ብር ብሎ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው የመላውን ሰፈር ጋሻ ሸጧል።

ትልቁ ሣጥን ትራንስፎርመር ነው። በውስጡ በብረት ላይ የተጠመጠሙ ሽቦዎች አሉ፤ ከፍተኛውን ግፊት ተቀብሎ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። የምንሰማው እምምታ የክፉ ነገር ድምፅ አይደለም። ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብረቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ድምፁም የዚህ ነው። ሣጥኑን የሞላው ዘይት ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ኤሌክትሪኩንም ያግዳል። ዘይቱ የተሰረቀ እንደ ሆነ ትራንስፎርመሩ ግሎ ይቃጠላል፤ ሰፈሩም ይጨልማል። በአንዳንድ አሮጌ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ ፒሲቢ የሚባል መርዝ አለበት፤ በግንቦት 1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲወገድ ከወሰነባቸው መርዞች አንዱ ነው። ስለዚህ ይህን ዘይት ለማናቸውም የቤት አገልግሎት ማዋል አይገባም።

ከትራንስፎርመሩ በታች ወደየቤታችን የሚሄዱት የ220 ቮልት ሽቦዎች አሉ። ከሁሉ በታች ያሉት የስልክ ገመዶች ሲሆኑ፤ ብዙ ጥርጣሬ የሚያስነሣው ጥቁር ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ የፋይበር ገመድ መጋጠሚያ ነው። በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስተዋት ክሮች አሉ፤ በክሮቹም ብርሃን መልእክት ይዞ ይመላለሳል። ጥቁሩ ዕቃ መጋጠሚያዎቹን ከውሃና ከአቧራ ይጠብቃል እንጂ ጆሮ የለውም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል ቤት የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። ፌሮ ተሸክሞ ወደ ሁለተኛው ፎቅ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ከጀርባው ያለው ሽቦ 15,000 ቮልት እንደሚሸከም የነገረው ላይኖር ይችላል፤ ሊነግረው የሚገባው ባለቤቱ ነው። ሰውም፤ ፌሮም፤ መሰላልም ከእንዲህ ያለው ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ቦታው የማይበቃ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ያስፈልጋል።

በክረምት ነፋስ የበጠሰው ሽቦ ከመሬት ወድቆ ብታዩ፤ ብልጭ አላለም ብላችሁ ሞቷል አትበሉ። ኤሌክትሪኩ በርጥብ መሬት ላይ በዙሪያው ይሠራጫልና ቢያንስ 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፤ ልጆችን አርቁ፤ ለአገልግሎቱም ወዲያው አስታውቁ። የወደቀውን ሰው ለማንሣት መቸኰል የሰው ወግ ነው፤ ነገር ግን ኀይሉ ሳይቋረጥ የነካው ሰው በአንድ ሐዘን ላይ ሁለተኛ ሐዘን ይጨምራል።

እንግዲህ ነገ ጧት በደጃችሁ ያለውን ምሰሶ ቀና ብላችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡት፤ ያነበባችሁትንም ለልጆቻችሁና ለሠራተኞቻችሁ ንገሩ። የታወቀ ነገር አያስደነግጥም፤ የታወቀ አደጋም በሩቁ ይታለፋል።

ደኅና ሰንብቱ።