በአል ሪጋ የወሰድኩት የብጉር መድኃኒት

  ስለ ብጉር ተናገሪ ስባል መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ደመወዝ ያልተከፈላት፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት እህት ባለችበት ስለ ብጉር ይወራል ወይ አልኩ። በኋላ ግን አሰብኩት። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ምንነቱን የማታውቀውን ክሬም ፊቷ ላይ የምትቀባ ስንት አለች? ጓደኛዋ የሰጠቻትን ኪኒን ስሙን ሳታነብ የምትውጥስ? ስለዚህ በራሴ ላይ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ እንደ እናንተው የቤት ሠራተኛ ነኝ።

ብጉር የጀመረኝ ኮምቦልቻ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በወጣትነት ሁሉም ሰው ላይ ወጥቶ የሚጠፋው ዓይነት አልነበረም። ከቆዳ ሥር እንደ ባቄላ ይቋጠራል፣ ሲነኩት ያማል፣ ሲፈርጥ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ጉንጬን ይዞ ወደ አገጬ፣ ከዚያም ወደ ጀርባዬ ወረደ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። አክስቴ ደግሞ "ተይው፣ ስታገቢ ይጠፋል" አለችኝ። ይህን ያልተባለች ካለች እጇን ታውጣ! አክስቴ ራሷ የአራት ልጆች እናት ሆና አገጯ ላይ ይወጣባት ነበር።

ወደ ዱባይ የመጣሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። እዚህ ባሰብኝ። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን እንግዳ ሲመጣ ቡናውን ሌላዋ ልጅ ታቅርብ ማለት ጀመረች። ትንሹ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ልስመው ስል ፊቱን አዞረ። ይተላለፋል ብለውታል። ብጉር አይተላለፍም፣ በፎጣም በሳህንም በመሳምም አይተላለፍም። አሠሪያችሁ ከተጠራጠረች ከሐኪም አፍ እንድትሰማው አድርጉ፣ ከእኛ አፍ ሲሆን አያምኑትም።

መጀመሪያ ፋርማሲ የሚሸጥ ክሬም ተቀባሁ። ቀጥሎ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ለሦስት ወር አዘዘልኝ። ግማሹን አሻለኝ፣ ሳቆም ተመለሰ። በመጨረሻ አል ሪጋ ወዳለ የቆዳ ሐኪም ተላክሁ። አል ሪጋን ታውቁታላችሁ፣ ከሜትሮው ወጥታችሁ በየትኛውም በኩል ብትዞሩ ፋርማሲ አታጡም።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ፣ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለሆነ። ማዳሜ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ ግብጻዊት ናት። ፊቴን አየች፣ ጀርባዬን አየች፣ ከዚያ "ሓሚል?" አለችኝ። እርጉዝ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ስንመረመር የቤት ሠራተኞች የእርግዝና ምርመራም እንዳለብን ታውቃላችሁ፣ እርጉዝ ሆና የተገኘች ምን እንደሚጠብቃትም ታውቃላችሁ። ደሜ ቀዘቀዘ። ማዳሜ እኔን ቀድማ "ላ፣ ላ፣ አላገባችም፣ ከቤትም አትወጣም" ብላ መለሰች። ሐኪሟ ግን ማዳሜን በትሕትና ውጭ ጠብቂ አለቻት። በሩ ሲዘጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ይህ ጥያቄ ስለ ጠባዬ አልነበረም፣ ስለ መድኃኒቱ ነበር። ማንኛዋም ሴት፣ የሼኽ ልጅም ብትሆን፣ ይህን መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ትጠየቃለች፣ ትመረመራለች።

መድኃኒቱ አይሶትሬቲኖይን ይባላል። በዚህ አገር ብዙ ሰው ሮአኩታን በሚለው ስም ያውቀዋል። ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልተመለሰ ከባድ ብጉር ይሰጣል። የቆዳን የወዝ እጢ ያከስማል፣ ብዙ ሰው ላይም ብጉሩን ከሥሩ ያደርቀዋል። ነገር ግን እርጉዝ ሴት ከወሰደችው ፅንሱን ይጎዳል። ጉዳቱ በጆሮ፣ በፊት፣ በልብና በአንጎል አፈጣጠር ላይ ነው፣ ማስወረድም ያመጣል። ለመድኃኒቱ ከተጋለጡ 100 ፅንሶች ውስጥ ከ20 እስከ 35 የሚሆኑት የአፈጣጠር ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ ተብሎ ይገመታል። ጥቂት ቀን መውሰድ እንኳ ለዚህ ይበቃል። ስለዚህ ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት፣ በሚወሰድበት ጊዜ ሁሉና ካቆሙ በኋላ አንድ ወር ሙሉ እርግዝና መኖር የለበትም። የምታጠባም አትወስደውም።

ሐኪሟ ከወንድ ጋር ግንኙነት አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ እውነቱን ነገርኳት። እናንተም ንገሩ። ባል ያላት፣ ጓደኛ ያላት፣ በቅርቡ ወደ አገር ቤት ለዕረፍት የምትሄድ፣ ሁሏም ትናገር። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ መናገሩ ቢከብደኝም። የክፍላችሁ በር ቁልፍ የሌለው፣ ሌሊት የሚያንኳኳ ሰው ያለበት ቤት የምትሠሩ ካላችሁ፣ ይህን መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሟ ተናገሩ። እርግዝና በፈቃድ ብቻ አይመጣም። መድኃኒቱ ላይ ሆና የወር አበባዋ የዘገየባት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ኪኒኑን አቁማ ወደ ሐኪም ትሂድ፣ ማዳም ምን ትላለች ብላ አትጠብቅ።

ማዳሟ ወይም ባባ ከክፍሉ አልወጣም ካሉ፣ ለሐኪሟ "አብጋ አትከለም መዓኪ ለሓሊ" በሏት፣ ከአንቺ ጋር ብቻዬን መነጋገር እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሐኪሙ ወንድ ከሆነ "መዓክ" ትላላችሁ። አማርኛ ተርጓሚ ከፈለጋችሁ የምታምኑትን ሰው በስልክ ማስገባት ትችላላችሁ።

የእርግዝና ምርመራው ብቻ አይደለም፣ ደሜ ተወስዶ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ተደረገልኝ፣ በየጊዜውም ተደገመ። 54 ኪሎ ነበርኩ። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ የመጀመሪያውን ወር በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ 40 ሚሊ ግራም ወሰድኩ። በጠቅላላው ስድስት ወር ሆነ። የጤና ካርዴ ለዚህ አልከፈለልኝም። በዱባይ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 በወጣው ሕግ የጤና መድን የሚገዛልን አሠሪያችን ነው፣ ግን ካርዱ ሁሉን ነገር አይሸፍንም። ከመመርመራችሁ በፊት መስኮቱ ላይ ጠይቁ። ኪኒኑና ምርመራው ከደመወዜ ሩቡን ያህል ይወስድ ነበር። ለቤት የምልከውን ቀነስኩ፣ እናቴ ግን "ፊትሽ ይዳን" አለችኝ።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው። ብጉሩ ባሰብኝ። ማዳሜ "ይሄ መርዝ ነው፣ ጣይው" አለች። ሐኪሟ አስቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ፣ ስስቅ ይደማል። ኪሴ ውስጥ ቫዝሊን ሳልይዝ ውዬ አላውቅም። ኤሲ ስር ስተኛ አፍንጫዬ ይነስረኝ ነበር። ዓይኔ ይደርቃል፣ ምንጣፍ ሳነሳ ወገቤን ያመኛል። እጄ በክሎሮክስ እንዳይላጥ ያለ ጓንት መታጠብ ተውኩ። ልብስ ለማስጣት ሰገነት ላይ የምወጣውን ከቀትር ወደ ማለዳ አዞርኩት፣ ቆዳው ለፀሐይ በጣም ስስ ይሆናልና። ሃላዋ ደግሞ ፈጽሞ! ማዳሜ በደግነት አብረን እንሠራ አለችኝ፣ እምቢ አልኩ። በመድኃኒቱ ጊዜና ካቆሙ በኋላ ስድስት ወር ያህል ሃላዋ ቆዳውን ይገሽልጠዋል፣ ጠባሳ ይተዋል።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። መድኃኒቱ ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። በባዶ ሆድ የዋጠችው ግማሹን ጣለችው ማለት ይቻላል። እኔ የጀመርኩት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ሽሮዬን ዘይት ጠብሰቅ አድርጌ ሠራሁ፣ አቮካዶ ወይም የለውዝ ቅቤ ጨመርኩ፣ ጾሜንም አላፈረስኩም። ሙስሊም እህቶቼ በረመዳን ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር ትውጡታላችሁ። ለሐኪም ጿሚ መሆናችሁን ንገሩ፣ ሰዓቱን ያስተካክሉላችኋል።

ሌላ መድኃኒት አትደርቡበት። ያ ቀድሞ የወሰድኩት ዶክሲሳይክሊን ከዚህ ጋር ሲገናኝ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ሊያንረው ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን መደብዘዝ ከመጣ ቶሎ ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ለፀጉር እያላችሁ የምትገዙት ቫይታሚን ውስጥ ቫይታሚን ኤ ካለ እሱም ይቅር።

በሦስተኛው ወር ሌሊት ሌሊት ማልቀስ ጀመርኩ። ናፍቆት ይሁን መድኃኒት በምን ይለያል? አገር ቤት ጦርነት ነበር፣ ኮምቦልቻ ስልክ አይሠራም ነበር፣ ለማልቀስ ምክንያት አላጣሁም። ሆኖም የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የስሜት መለወጥ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊመጣ እንደሚችል ተጽፏል። ስለዚህ ለሐኪሟ ነገርኳት። እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ መሞት ትመኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለሦስት ሳምንት መጠኑን ዝቅ አደረገችልኝ፣ በየሳምንቱም እንድደውልላት አዘዘች፣ ቀለለኝ። ከእናንተ አንዷ እንዲህ ቢሰማት ለሐኪም ትንገር፣ ክፍል ለምትጋራት እህትም ትንገር፣ ብቻዋን አትያዘው።

ፊቴ መጥራት ሲጀምር ሁሉም ምን ተቀባሽ አለኝ። አንዲት እህት፣ ስሟን አልጠራም፣ ከሻርጃ ድረስ መጥታ "አንድ ካርድ ብቻ ስጪኝ" አለች። በሁለት ሳምንት ወደ ባሏ ልትሄድ ነው፣ ፊቷን አጥርታ መግባት ፈለገች። እምቢ አልኳት። "ሰስተሽ ነው" አለችኝ፣ ወር ሙሉ አላናገረችኝም። እስቲ አስቡት፣ ልጅ ለመውለድ ለሚጠብቃት ባል በዚያ ኪኒን ላይ ሆና ልትሄድ ነበር።

ደግሞም የሷ ብጉር አልነበረም። ከአገር ቤት ስትመለስ አንድ የቆዳ ሐኪም አየቻት። ለሁለት ዓመት ማንጫ ክሬም ስትቀባ ኖራለች፣ ክሬሙ ውስጥ ስቴሮይድ አለበት። መጀመሪያ ፊት ያጠራል፣ ያበራል፣ ሁላችንም እንቀናለን። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ትንንሽ ቀይ ሽፍታ ይወርሰዋል። ስታቆመው ደግሞ እንደ እሳት ይነዳል፣ ስለዚህ ትመለስበታለች። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚል ካያችሁ ስቴሮይድ ነው፣ ያለ ሐኪም ፊት ላይ አይቀባም። ምንም ያልተጻፈበት፣ በትንሽ ብልቃጥ ተሞልቶ የሚሸጠው የባሰ ነው። በአንዳንዱ ማንጫ ክሬም ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ያቺ እህት ለመዳን ብዙ ወራት ፈጀባት። አሁን ታናግረኛለች፣ እንዲያውም ዛሬ እዚህ አለች፣ አፍራ አቀርቅራለች እንጂ።

ኮንትራታችሁ አልቆ አገር የምትገቡ ካላችሁ፣ ሕክምናውን እዚያ መቀጠል ይቻላል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ቢቋቋምም የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። የወሰዳችሁትን መጠንና የደም ምርመራ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጫለሁ። ክሊኒክ ስትሄዱ ኤምሬትስ አይዲ ይጠየቃልና እሱም ከእጃችሁ አይለይ።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ አራት ፍሬ ተረፈኝ፣ ለፋርማሲው መለስኩ። ደም ለመለገስ አንድ ወር ጠበቅሁ፣ ደሙ እርጉዝ ሴት ጋ ሊደርስ ይችላልና። ብጉሩ አልተመለሰም። ጉድጓዶቹ ግን አሉ፣ እነሱን ይህ መድኃኒት አይሞላም። ቀርባችሁ ማየት የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ፣ በኪኒናችሁ ወይም በክሬማችሁ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የከበዳችሁም ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።