ወተትና ቀመር



በጠዋት ወደ መቀሌ የገባ ወተት ሳይፈላ ቢውል፣ እስከ ማታ ምን ይደርስበታል? እርሳስና ወረቀት ይዘን እንመርምር።

አንዲት ባክቴሪያ ምግብና ተስማሚ ሙቀት ካገኘች በ20 ደቂቃ ሁለት ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ከሆነ በ1 ሰዓት 8፣ በ8 ሰዓት 16,777,216 ይሆናሉ። ወተቱ ቀዝቅዞ መባዣው ጊዜ 1 ሰዓት ቢሆን ግን፣ በዚያው 8 ሰዓት 256 ብቻ ናቸው። በሽታ የሚያመጣ ዘር ገብቶበት እንደ ሆነ የሕፃን ጤና በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ነገር ግን ይህን ሥሌት እስከ መጨረሻው ብንከተለው፣ በ2 ቀን የባክቴሪያዎቹ ክብደት ከምድር ክብደት ይበልጣል! ይህ ከቶ አይሆንም። ምግቡ ያልቃል፤ ራሳቸው የሚያወጡት አሲድም ያግዳቸዋል። ቤልጅጋዊው ቬርሁልስት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1838 ስለ ሕዝብ ብዛት ባወጣው ቀመር ወሰን አበጀ፤ ብዛቱ ወደ ወሰኑ ሲቀርብ ዕድገቱ ይቀንሳል። ዛሬ የባክቴሪያም ዕድገት በዚህ ዓይነት ቀመር ይሠላል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ቀመሩን በቃል ማጥናት አይበቃም። በቤተ ሙከራ በየሰዓቱ እየቆጠርን ከቀመሩ ጋር እናስተያየው። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታረመው ቀመሩ ነው እንጂ ወተቱ አይደለም።